መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን የገዛሁት በመስቀል ሰሞን ነው። ከዱባይ የገባ ዩዝድ ነው። ስክሪኑ ደህና ነው። ኪቦርዱ እንዲያውም ከአዲሶቹ ይሻላል። ፍጥነቱም ለእኔ ሥራ ይተርፋል። ስለነዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ከርሰሩ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በራሷ ስለምትዘለው ቀስት።

ሥራዬ አራት ኪሎ አካባቢ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍና የቢሮ ሰነድ መተየብና ማስተካከል ነው። ቀኑን ሙሉ ፊደል ውስጥ ነኝ። እንደኔ ላለ ሰው የሚዘል ከርሰር ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። በፎነቲክ ኪቦርድ «ላ»ን ስትጽፉ መጀመሪያ «ል» ትመጣለች። የአናባቢዋን ቁልፍ ስትነኩ ነው «ላ» የምትሆነው። በሁለቱ መካከል ከርሰሩ ሌላ ቦታ ዘሎ ካረፈስ? «ሰላም» ብላችሁ ትጀምራላችሁ፣ እዚህ «ሰል» ይቀራል፣ «አም» ደግሞ ወደ ታች ወርዶ የሰው ስም መሃል ይሰነቀራል። ወዲያው ካላያችሁት አለቀ። የሚገኘው ተማሪው አማካሪው ፊት ሲቀርብ ነው። ያን ጊዜ የሚደወለው ለማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ዝላዩ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ቀስቷ ባለችበት ትንቀጠቀጣለች። አንዳንዴ ጣቴ ከኪቦርዱ ሥር ያለው ታችፓድ ላይ ሳይደርስ ወደ ስክሪኑ ጥግ ትሮጣለች። አንዳንዴ ደግሞ ራሷ ክሊክ ታደርጋለች። ይኼ የመጨረሻው ነው ደሜን የሚያፈላው። ያልመረጥኩት አንቀጽ ተመርጦ ቁጭ ይላል፤ ቀጥሎ የምነካው ቁልፍ ይጠርገዋል።

መቼም መጀመሪያ የሚኬደው ጥገና ቤት ነው። የለመድኩት ልጅ ፒያሳ ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እሱም እንደሌላው ተነሣ፣ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ወደ ማላውቀው ሰው ሄድኩ። ልጁ ላፕቶፑን ሳይከፍት «ቫይረስ ነው» አለኝ። «ፎርማት ይደረግ።» እዚህ ከተማ ፎርማት የኮምፒውተር ጸበል ነው፤ ለሁሉም በሽታ እሱ ነው የሚታዘዘው። ተደረገ። የአማርኛ ፎንቶቼ አብረው ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ሲሞከር ቀስቷ ጨዋ ሆነች። ልጁም «ብሮ፣ ምንም የለበትም» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለኝ። ቤት ገብቼ እንደሰካሁት መዝለሏን ቀጠለች።

ተመልሼ ስሄድ «እንግዲያው ታችፓዱ ይቀየር» አለኝ። በሱቁ ውስጥ ጨዋ ሆና ቤት የምታብድ ከሆነ ታችፓዱ ምን አጠፋ? አልቀየርም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ራሴው ያዝኩት። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የታችፓዱን ሴንሲቲቪቲ ዝቅ አደረግኩ። ይህ ነገር መፍትሔ የሚሆነው መዳፍ ለሚነካካቸው ሰዎች ነው። እየጻፋችሁ ሳላችሁ ብቻ የሚዘል ከሆነ፣ እጃችሁን ስታነሡ ደግሞ የሚረጋ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመዳፋችሁ ነው፣ ያን አስተካክሉና ተገላገሉ። የእኔ ግን እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬም ይዘላል። ባትሪ አብጦ እንደሆነም አየሁ። ይህን ማንም ሰው ማየት አለበት። ሊትየም ባትሪ ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚቀመጠው ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ስለሆነ ታችፓዱን ከታች ይገፋዋል። ክሊኩ ይደድራል፣ ዳሩ ከፍ ይላል፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ይወዛወዛል። እንዲህ ካያችሁ ልትጫኑት ወይም ልትበሱት አትሞክሩ፤ ላፕቶፑን አጥፉና ባትሪውን አስወጡት፣ እሳት ሊያመጣ ይችላል። የእኔ ጠፍጣፋ ነው። ይኼም አይደለም።

ፍንጩን ያገኘሁት አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ነው። ሻማ እየፈለግኩ በስክሪኑ ብርሃን አንድ ሠንጠረዥ እጨርስ ነበር። ቀስቷ ቀጥ አለች። አንድም ዝላይ የለም። ሠንጠረዡን ጨረስኩ፣ ሌላም ጀመርኩ። መብራት መጣ፣ ሰፈሩ እንደልማዱ ጮኸ፣ ቀስቷም ዳንሷን ጀመረች። ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ ቆመች። ሰካሁት፣ ዘለለች። ደጋግሜ አየሁት፣ ያው ነው። የሚገርማችሁ፣ ግራ እጄን የላፕቶፑ ብረት ላይ ሳሳርፍ ቻርጀሩ ተሰክቶም ትረጋጋለች። ያ ብረት ደግሞ ሲሰካ ሁልጊዜ ጣቴን ለስለስ አድርጎ ይነዝረኝ ነበር። የመብራት ቴስተር ነካ አደረግኩበት፤ ደብዘዝ ብሎ በራ።

ቫይረስ ነው ለሚል ሁሉ አንድ ነገር ደግሞ አደረግኩ። ኡቡንቱ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሲስተም፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሣሁት። ዊንዶውስ የለም፣ ቫይረስ የለም፣ ድራይቨሩም ሌላ ነው። ቻርጀሩን ስሰካው ቀስቷ እዚያም ዘለለች። በቃ፣ ፎርማቱ በከንቱ ነበር። ይህን ሙከራ ለማንም እመክራለሁ። ነጻ ነው፣ ኢንስቶል እስካላላችሁት ድረስ ሃርድዲስካችሁን አይነካም፣ ሶፍትዌር ነው ሃርድዌር ነው የሚለውን ክርክር እዚያው ይዘጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታችፓድ የጣታችሁን ክብደት አይመዝንም። ከመስታወቱ ወይም ከፕላስቲኩ ሥር ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች መረብ ሠርተው ተዘርግተዋል። ጣት ሲጠጋ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቻርጅ በጣም በትንሹ ይለወጣል። ታችፓዱ ያቺን ትንሽ ለውጥ ነው የሚያነበው። አፕል በ1994 እ.ኤ.አ. ፓወርቡክ 500 ላይ ታችፓድ ካወጣ ጀምሮ መሠረቱ ይኸው ነው። ቻርጀር ደግሞ የግድግዳውን 220 ቮልት በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ነው ወደ 19 ወይም 20 ቮልት የሚያወርደው። መቆራረጡ ረብሻ ይፈጥራል። ደህና ቻርጀር ረብሻውን የሚያጣሩ ክፍሎች አሉት፤ የግራውንድ ሽቦ ካለው ደግሞ የተረፈውን ወደ መሬት ይሸኘዋል። ርካሹ ኮፒ የማጣሪያ ክፍሎቹን ይቆጥባል፣ ግራውንድም የለውም። ያን ጊዜ ረብሻው መውጫ ፍለጋ በላፕቶፑ ብረት፣ በታችፓዱ፣ በእናንተ ጣት ይሄዳል። ታችፓዱም ያልነካችሁትን ነካችሁ ብሎ ያምናል። የሚነዝረኝ ደግሞ ከግድግዳው መብራት በቻርጀሩ በኩል የሚሾልክ ትንሽ ከረንት ነው፤ ግራውንድ የሌለው ብረት በግድግዳው ቮልት ግማሽ አካባቢ ሊንሳፈፍ ይችላል። የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር ያነሰ ስለሆነ አይገድልም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ መዳፌ የሚያርፍበት ዕቃ እንዲነዝረኝ አልከፈልኩም።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። ላፕቶፑን ሲያስረክበኝ «ቻርጀር ከኛ፣ ቦርሳ ከኛ» ነበር ያለው። እንደ ምርቃት። ወንድሜ፣ ቻርጀር ምርቃት አይሆንም! ላፕቶፑ ሲሠራ የራሱ ቻርጀር አብሮት ተሠርቷል። ያ የት ሄደ? «ሳይኖረው ነው የመጣው» ትለኛለህ። ከሆነ ከመክፈሌ በፊት ንገረኝ። «ያው ነው፣ ቮልቱ አንድ ነው» ትለኛለህ። ቮልቱ አንድ ነው፣ አልካድኩም። በውስጡ ያለው ግን አንድ አይደለም፤ አንሥተህ በእጅህ መዝነው፣ ከዋናው ጋር ሲተያይ ባዶ ቆርቆሮ ነው። «ቻርጅ ያደርጋል አይደል?» ያደርጋል። ላፕቶፕ ግን ቻርጅ እስኪያደርግ ተቀምጠው የሚያዩት ዕቃ አይደለም፣ እየተሰካ ነው የሚሠራበት። «ሌላ ደንበኛ እንዲህ አላለም» ትለኛለህ። ሌላው ደንበኛ ባለ ሽቦ ማውዝ ሰክቶ ይሆናል። ማውዝ በብርሃን ነው የሚያነበው፣ የቻርጀር ረብሻ አይሰማውም። ያልጮኸ ሁሉ ተደስቷል ማለት አይደለም።

ለገዢ አንድ ነገር ላሳይ። ቻርጀሩ ላይ የግድግዳው ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ። ውስጡ ሦስት ጥርስ ካለው፣ አንዱ ለግራውንድ ነው። ስምንት ቁጥር የመሰለ፣ ባለ ሁለት ጥርስ ከሆነ ግራውንድ የሚባል ነገር አልተሠራለትም። ባለ ሁለት ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ ሰላማዊ ነው። ባለ ሁለትም ሆኖ ቀላል፣ ጽሑፉም የተንሻፈፈ ከሆነ ግን እዚያው መልሱት። ከዱባይ የሚመጣው ደግሞ አንዳንዱ አራት ማዕዘን የሆኑ ሦስት ጥርሶች አሉት። እኛ ሶኬት ላይ ስለማይገባ ትንሽ አዳፕተር ይጨመርበታል። ያ አዳፕተር ሦስቱን ጥርስ ተቀብሎ ሁለት ብቻ የሚያወጣ ከሆነ ግራውንዱ እዚያው ሞተ። ብዙ ዲቫይደርም እንደዚሁ ነው። በጎኑ የግራውንድ ብረት ይታያል፣ ገመዱ ውስጥ ግን ሽቦው ሁለት ነው።

በነገራችን ላይ ዋየርለስ ማውዝም ሞክሬ ነበር። እሷም ተንገዳገደች! እዚህ ላይ ላፕቶፑን ልወረውረው ደርሼ ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። የማውዟን መቀበያ የሰካሁት ከኤክስተርናል ሃርድዲስኩ አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ሃርድዲስክ የሚሰካበት ዩኤስቢ 3 ሲሠራ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የሬዲዮ ረብሻ ያወጣል፣ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ዋየርለስ ማውዝ የሚነጋገረው ደግሞ በዚያው ሞገድ ነው። መቀበያዋን ወደ ሌላኛው ጎን አዛወርኩ፣ ተስተካከለች። ሁለት የማይገናኙ በሽታዎች አንድ ምልክት ይዘው መጡብኝ፣ ይኼ ነው ሰውን የሚያሳብደው።

በመጨረሻ የላፕቶፑን የራሱን ቻርጀር፣ ባለ ሦስቱን፣ ዩዝድ አግኝቼ ገዛሁ። ከባድ ነው፣ ስይዘው ደስ ይላል። ማተሚያ ቤቱ ጋ ስሄድ፣ እዚያ የመብራት መስመሩ ግራውንድ አለው፣ ቀስቷ እንደ ሐውልት ናት። ቤቴ ግን ሶኬቱ ግራውንድ ስለሌለው ዝላዩ ቢቀርም አልፎ አልፎ መንቀጥቀጧ አልጠፋም፣ ብረቱም አሁንም ይነዝራል። መብራት ሠራተኛ አመጣሁ። ግድግዳውን ከፍቶ አየና «ቤቱ ድሮውንም ሁለት ሽቦ ነው» አለኝ። «ከፈለግክ ግራውንዱን ከኑትራሉ ጋር አያይዤ ልሂድ፣ ይሠራልሃል።» እንዳታደርገው አልኩት። ኑትራሉ፣ ማለትም መብራቱ የሚመለስበት ሽቦ፣ አንድ ቀን ቢበጠስ የላፕቶፑ ብረት ሙሉ መብራት ይይዛል፤ ያን ጊዜ የሚነዝር ብቻ አይሆንም። ትክክለኛው መፍትሔ የመዳብ ዘንግ ግቢው ውስጥ ቀብሮ አዲስ ሽቦ መሳብ ነው።

ግቢው ግን የአከራዬ የእማማ ነው። ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ይኼ ቤት ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው የኖረው፤ ማን ሞተ?» አሉኝ። ቀጥለው ጽጌረዳቸውን እንዳልነካባቸው አስጠነቀቁኝ። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን ተባብለን ተለያየን።

ታዲያ ላፕቶፑን ትሸጠዋለህ ወይ የሚሉኝ አሉ። አልሸጥም። እሱ ምንም አላጠፋም፣ ባትሪ ላይ ሳስቀምጠው ከያዝኳቸው ላፕቶፖች ሁሉ ጨዋው እሱ ነው። የተናደድኩት በሻጩና በፎርማቱ ልጅ ነው። አንድ ጓደኛዬም ያንኑ ሞዴል አይቶ «ልግዛው?» ብሎኛል። ግዛ ብዬዋለሁ። «ቻርጀር ከኛ» ካሉህ ግን የራሱን አምጡ በላቸው፤ ከሌላቸው ከዋጋው ይቀነስልህ፣ ኮፒውንም እዚያው ተውላቸው። ሱቁ ውስጥም ባትሪ ላይ ሳይሆን ሰክተህ ሞክረው፣ እጅህንም ብረቱ ላይ አታሳርፍ።