ቤዝ ጊታራችሁን ለጥገና ትታችሁ እንዳትሄዱ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የገባኝ ትናንት ማታ ነው።

የቤዝ ጊታሬ ጃክ፣ ማለት ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ፣ ላልቶ ነበር፤ ገመዱ ሲነካ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሌላ ምንም ችግር የለበትም። ማጥበቅ፣ የተላቀቀችውን ሽቦ መበየድ፣ አለቀ። የአስር ደቂቃ ሥራ ናት። ጠጋኙ ግን "ፖቶቹም (የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹ) ሳይቆሽሹ አይቀሩም፣ ተወውና ከነገ ወዲያ ና" አለኝ። ይህቺን "ተወውና ና" የማያውቅ የለም። እኔም አውቃታለሁ። ግን ትቼው ሄድኩ።

ልወስደው ስመለስ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ሰካልኝ። ገና ጣቴን ክሩ ላይ ሳላሳርፍ እጁን ዘርግቶ ቮልዩሞቹን ራሱ አስተካከላቸው። በአንገቱ በኩል ያለውን ፒካፕ (የክሩን ንዝረት በማግኔት ተቀብሎ ወደ አምፑ የሚልከውን) እስከ መጨረሻ ከፈተ፣ በድልድዩ በኩል ያለውን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። "በዚህ ሞክረው" አለኝ። ያቺ እጅ አሁንም ከፊቴ አልጠፋችም። እኔ ለድምፁ የተጨነቀልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት! መቆራረጡ ቆሟል፣ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሁለቱንም ከፈትኳቸው። ወፍራሙ ድምፅ የለም። ለየብቻ ሲከፈቱ ደህና ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ድምፁ ሳስቶ ቆርቆሮ ይሆናል። የሁለት ፒካፖች ሽቦ ተገላብጦ ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ድምፅ በከፊል ያጠፋል፣ የኔ ጃዝ ቤዝ (ሁለት ፒካፕ ያለው የቤዝ ጊታር ዓይነት) ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ካቻቢቴ አምጥቼ ፈታሁት።

ሽፋኖቹ የኔ ናቸው። አውራ ጣቴን የማሳርፍበት ጠርዝ እንኳ እንደተላጠ አለ። ውስጡ ያለው ግን የኔ አይደለም። የኔዎቹ ላይ ከክሮቹ ስር ያለችው እያንዳንዷ ትንሽ ዘንግ ራሷ ማግኔት ነበረች፣ በአንድ ፒካፕ 8፣ ሽቦዎቹም በጨርቅ የተሸፈኑ። አሁን ያሉት ተራ ብረት ናቸው፤ ከስራቸው የሴራሚክ ማግኔት በሙጫ ተለጥፏል፣ ሽቦውም ቀጭን ፕላስቲክ ነው። ሰውየው ፒካፔን መውሰዱ ሳያንሰው የኔን ሽፋን አውልቆ ለርካሹ አልብሶታል። ተቀምጦ አስቦበታል ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ገልብጬ ማግኔቱን አሳየሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የሌላ ሰው ጊታር ላይ ክር እየወጠረ "ሲመጣም እንዲሁ ነበር" አለኝ። "ፎቶ አለህ?" የለኝም። አብሮት የሚሠራው ልጅ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ፈገግ አለ። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ያ ፈገግታ ነው።

ራሴንም ይቅር ማለት አልቻልኩም። ስንት ዓመት ጆሮዬ የለመደውን ድምፅ አንድ ፎቶ ሳላነሳ ለማላውቀው ሰው ጥዬ ሄድኩ።

ከማስረከባችሁ በፊት ፒካፑን ገልብጣችሁ ፎቶ አንሱ። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው የእያንዳንዱን ኦም፣ ማለት ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ለክቶ ይጻፍ፤ የጃዝ ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው። ስትረከቡም ቮልዩሙን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ሁለቱንም።

ሽፋን የሌላቸው ሁለት አሮጌ የጃዝ ቤዝ ፒካፖች ግዙ የሚላችሁ ካለ ገልብጣችሁ እዩልኝ። የአንደኛው ነጭ ሽቦ ተበጥሶ ጓደኛዬ መሃሉ ላይ ቀጥሎልኝ ነበር፣ ቅጥሉ ላይ ሰማያዊ ቴፕ አለ። የኔ ነው።