የሚያላዝነው መጎተቻዬ፦ ከ11 ወር በኋላ

መጀመሪያ ድምፁን ልንገራችሁ። ማጠፊያው የዛገ ትልቅ የቆርቆሮ በር አስቡ። ያንን በር ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ አንዱ ቀስ እያለ ሲከፍተው አስቡ። መጎተቻዬ፣ ተሳቢ ቤቴን ከመኪናዬ ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ በታጠፍኩ ቁጥር እንደዚያ ነው የሚለው። ሲጢ...ጥ! ከዚያ ቋ! ሰው ዞሮ ያየኛል። ውሻ ይጮኽብኛል። አንዲት ሴትዮ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «የሆነ ነገር ተሰብሮብሃል» ብላኛለች፣ ከልቧ አዝና።

የሸጠልኝ ሰውዬ ስለ ድምፅ ትንፍሽ አላለም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ትንሽ ተሳቢ ቤት ገዛን። አልጋ፣ ምድጃና ፍሪጅ ያለው፣ ከመኪና ኋላ የሚጎተት። የሚጎትተው የኔው ፎርራነር ነው (ሐበሻ ከቶዮታ ውጭ ምን ይነዳል?)። ችግሩ ተሳቢው አፍንጫውን (የፊት ጫፉን) መኪናው ላይ ሲያሳርፍ ይጀምራል። መኪናው ከኋላ ቁጭ፣ ከፊት ቀና ይላል። የፊት ጎማዎቹ ክብደት ያጣሉ፣ መሪው ይቀልብሃል። ማታ ሲሆን ደግሞ መብራትህ አስፋልቱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያያል።

ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ የሚባለው ዕቃ የመጣው ለዚህ ነው። ከመጎተቻው ራስ ወደ ኋላ ሁለት ወፍራም የብረት ዘንጎች ይወጣሉ። ጫፋቸው ተሳቢው ሻንሲ ላይ የታሰረ የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ላይ ተወጥሮ ያርፋል። ዘንጎቹ እንደ ባሌስትራ ለመጥ ይላሉ፤ በዚያ ጉልበት የመኪናውን ኋላ ያነሱታል። የግንበኛ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ እጀታውን ከፍ ስታደርገው ክብደቱ ወደ ጎማው እንደሚሸሸው ማለት ነው። ከኋላ የተከመረው ከፊሉ ወደ መኪናው የፊት ጎማ፣ ከፊሉ ወደ ተሳቢው ጎማ ይሄዳል።

ስገዛ ሁለት ሱቅ ገብቻለሁ፣ ሁለቱም ሊያሳስቱኝ ነበር። የመጀመሪያው ካታሎጉን ገልጦ «የተሳቢህ አፍንጫ 340 ፓውንድ ነው፣ 400 የሚችል ዘንግ ይበቃሃል» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ለጋስ ነበር። «1,000 የሚችለውን ውሰድ፣ ነገ ትልቅ ተሳቢ ስትገዛ አትቸገርም።» ነገ ትልቅ ተሳቢ እንደምገዛ ማን ነገረው? የቤቴን ክፍያ እሱ አይከፍልልኝ!

የካታሎጉ 340 ባዶ ተሳቢ ነው። ባትሪ የለውም፣ ጋዝ የለውም፣ ውኃ የለውም። የኔ ተሳቢ አፍንጫው ላይ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ይሸከማል፣ አንዱ ሲሞላ ወደ 37 ፓውንድ ይመዝናል። ባትሪውም እዚያው ነው። ስለዚህ ዕቃችንን ሁሉ ጭነን ለከባድ መኪኖች ነዳጅ የሚሸጥበት ቦታ ሄድኩና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። አንዴ ከነተሳቢው፣ አንዴ መኪናውን ብቻዋን። መኪናዋ ላይ የጨመረው ክብደት የአፍንጫው ክብደት ነው፤ 470 ፓውንድ ወጣ። ተሳቢው በጠቅላላው 3,900 ነበር፣ ስለዚህ አፍንጫው 12 በመቶ ገደማ ነው። ከ10 እስከ 15 ከሆነ ደህና ነው። ከ10 ካነሰ ተሳቢው ጅራቱን እንደ ውሻ መቁላት ይጀምራል፣ ያኔ የትኛውም መጎተቻ አያድንህም።

አጎቴ ድሮ በኤንትሬ ፊያት፣ ከነተሳቢው፣ ከአሰብ አዲስ አበባ ይመላለሱ የነበሩ ሹፌር ናቸው። በስልክ ይህን ሳጫውታቸው በሳቅ ሞቱ። «እኛ ሚዛን ስናይ ሆዳችን ይረበሽ ነበር፤ አንተ ጭራሽ ከፍለህ ትመዘናለህ?»

ወደ ዘንጎቹ ልመለስ። 470 ላይ ሻጮቹ የረሱት ነገር ይጨመራል፦ መኪናው ውስጥ ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው ዕቃ። የኛ የበረዶ ሳጥን፣ ከሰል፣ የልጆቹ ብስክሌት፣ የጤፍ ዱቄት፣ ጀበናው ከነረከቦቱ (ባለቤቴ ያለ ረከቦት ተራራ አትወጣም) 120 ፓውንድ ገደማ ሆነ። ድምሩ 590። 600 የሚችል ዘንግ ገዛሁ። 400ው መኪናውን አያነሳልኝም። 1,000ው ደግሞ ግትር ስለሆነ አይለመጥልኝም፤ የጉድጓዱን ምት ሁሉ ለሻንሲው ያቀብለዋል። አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። መኪናው ላይ ያለው መቀበያ (መጎተቻው የሚሰካበት) ለአፍንጫው ክብደት የራሱ ልክ አለው፣ የኔው 500 ይላል። ጠንካራ ዘንግ ስለገዛህ ያ ቁጥር ከፍ አይልም። የመኪናህንም መመሪያ አንብብ፣ ይህን ዓይነት መጎተቻ ጭራሽ አትጠቀሙ የሚሉ መኪኖች አሉና።

ሲገጠም በሜትር ለካሁት። ተሳቢው ሲታሰር ከፊት ጎማው በላይ ያለው ክፍተት ሦስት አራተኛ ኢንች ከፍ ብሎ ነበር። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ከዚያ ግማሽ ኢንቹ ተመለሰ። ሚዛኑም ያንኑ መሰከረ፦ የፊት ጎማዎቹ ካጡት 190 ፓውንድ 130ው ተመልሷል። ሙሉ በሙሉ መመለስ የለበትም፣ እኔ ዘንድ ይህ ይበቃል። መሪው ወዲያው የሰው መሪ ሆነ። ስለ ሥራው የማወራው ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ በኩል አስቤውም አላውቅ።

የማስበው ስለ ሲጢጥታው ነው።

ሁለት ወር ታገስኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ካምፕ የደረስነው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው፣ ጸጥታ የሚጠበቅበት ሰዓት። ቦታችን ለመግባት ሦስት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ማለት ነበረብኝ። ሲጢጥ፣ ቋ። ሲጢጥ፣ ቋ። በየድንኳኑ ባትሪ መብራት እየበራ ሲሄድ አየሁ፣ አንዱ ከውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ሸርተት ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቤት እንደተመለስን ሐበሻ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ግራሶ ገዛሁ። ያ ብረት ከብረት የሚፋተግበትን ቦታ ሁሉ፣ ዘንጎቹ የሚያርፉባቸውን የኤል ብረቶች ሳይቀር፣ እንደ ሕፃን ገላ ቀባሁት። ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርኩ። ጸጥ! እንደ ሐር። ለሳምንት ያህል ራሴን እንደ መካኒክ አየሁ።

ነሐሴ ላይ በ285 መንገድ ወጣን። ኬኖሻ ፓስ የሚባለውን አለፍን፤ ጫፉ 10,000 ጫማ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ትንሽ ዝቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ሳውዝ ፓርክ የሚሉት ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነው። ነፋሱ ከቀኝ ይመጣል፣ የሚያስቆመው ነገር የለም። በሰዓት 60 ማይል ላይ ነበርኩ። ከፊት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣና ሽው ብሎ አለፈን። ተሳቢው መጀመሪያ ተገፋ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ መሀል ተሳበ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀጠለ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይበልጣል። መስታወቱ ውስጥ አንዴ የግራ ጎኑን፣ አንዴ የቀኝ ጎኑን አየዋለሁ። ባለቤቴ የበሩን እጀታ ያዘች። አልጮኸችም፣ እሱ ይበልጥ አስፈራኝ።

የመኪናውን ፍሬን አልረገጥኩም። ያን ያህሉን አንብቤያለሁ። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ከጉልበቴ በላይ ያለችውን የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኳት። የተሳቢው ጎማ ብቻ ያዘ። ከኋላ ሰው እንደሚጎትተን ሆኖ ተሰማኝ፣ ከዚያ ተሰለፈ።

ፌርፕሌይ ከተማ ስንደርስ ቆምኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መጀመሪያ ቡና ጠጣሁ። ከዚያ ወርጄ የኤል ብረቱን በጣቴ ነካሁት። ግራሶው ከመንገድ አቧራ ጋር ተቦክቶ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። የመጎተቻውን መመሪያ ያነበብኩት እዚያው፣ መኪናው ጎማ ጥግ ተቀምጬ ነው። የመጎተቻው ራስ ውስጥ ያሉት የዘንግ ማስገቢያዎች ይቀባሉ ይላል። የኤል ብረቶቹ ግን በፍጹም አይቀቡም። ለካስ ተሳቢው ወደ ጎን እንዳይወላገድ የሚይዘው የዚያ የደረቀ ብረት ፍትጊያ ነው። ሲጢጥ የሚለው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። እኔ በግራሶ ፍሬኑን አወለቅኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በ45 ማይል ሄድን። ቤት ስደርስ በፍሬን ማጽጃ አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ሰፈሩን ስዞር ሲጢጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ብቻ፣ ደስ አለኝ።

ደስታው አልቆየም። አሁንም በየማደያው ሰው ያየኛል። ሻጩ ይህን ቢያነብ «ወንድሜ፣ ድምፁ እኮ ኖርማል ነው» ይለኛል። አውቃለሁ ኖርማል መሆኑን! ኖርማል ከሆነ ለምን አልነገርከኝም? «ይጮኻል፣ ይሄን ብረት ግን እንዳትቀባ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? የቅጥያ ዋስትና ልትሸጥልኝ ስትለምነኝ እኮ ግማሽ ሰዓት ፈጅተሃል።

ጎረቤቴ አንደርሰን የሚባለውን ነው የሚጠቀመው። ዘንግ የለውም፣ በሰንሰለትና በዩሬቴን (ጎማ መሰል ፕላስቲክ) ነው የሚሠራው። ሲታጠፍ አጠገቡ ቆሜ አዳምጫለሁ፣ ምንም። ቀልሎም ቀላል ነው፤ የኔን ራስ ሳነሳ ወገቤ ይጮኻል። የድሮዎቹ ባለ ሰንሰለት ዘንጎችም አሉ፣ እነሱም ጸጥተኛ ናቸው፤ ግን ወላገድ ማለቱን የሚይዝ ሌላ ዘንግ ለብቻው ትገዛላችሁ፣ ወደኋላ ስትሄዱ ደግሞ መፍታት አለባችሁ። ዛሬ ብገዛ የቱን እገዛለሁ? ማደያ ውስጥ ብትጠይቁኝ የጎረቤቴን። ሳውዝ ፓርክ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ቀን ብትጠይቁኝ ይህንኑ የራሴን፣ ደረቁን።

ለጊዜው መላ ያልኩት ካምፑ በር ላይ ቆሞ ዘንጎቹን ማውለቅ ነው። ዘዴ አለው። ተሳቢው መኪናው ላይ እንደታሰረ በአፍንጫው ክሪክ መኪናውንና ተሳቢውን አብረህ ከፍ ታደርጋቸዋለህ፤ ውጥረቱ ይላላና ዘንጉ በእጅ ይወጣል። ያለ ክሪክ በብረት ዱላ ልፈንቅል ካልክ ሲስፈነጠር ጥርስህን ይዞት ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ማደያ ውስጥ እየታጠፍኩ ሳለ አጎቴ ደወሉ። ስልኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው። ሲጢ...ጥ፣ ቋ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«መጎተቻው ነው፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ ትንሽ። «አሜሪካ ግራሶ የለም እንዴ?»