በጎ አድራጎት ላይ ያላችሁ የባሕር ዳር ልጆች፣ ይቺን ባለሙያ አማክሯት

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ዛሬ የትንንሽ ማኅበራትን የገቢ ማሰባሰብ ሥራ የምታደራጅ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ላመሰግናት ነው የመጣሁት። ጥቆማም ነው። አረጋውያን የምትጦሩ፣ ተማሪ የምትመግቡ፣ በየትኛውም መንገድ ከሰው ገንዘብ ሰብስባችሁ ሰው የምትረዱ ከሆነ አንብቡልኝ።

እኛ የምንሠራው ለአስታማሚዎች ነው። ከአቸፈር፣ ከይልማና ዴንሳ፣ ከደራ፣ አንዳንዱም ከደቅ ደሴት በጀልባ ታማሚ ይዞ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይመጣል። ታማሚው አልጋ ያገኛል። አስታማሚው ግን ማደሪያ የለውም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ ያድራል፣ የያዘው ብር በመድኃኒትና በምርመራ ያልቅና ለታማሚው ምሳ ገዝቶ እሱ ጦሙን ይውላል። የተከራየናት ቤት ትንሽ ናት። ፍራሽ አለ፣ ሽሮ በእንጀራ አለ፣ ጠዋት ሻይ በዳቦ አለ።

የሚያስጨንቀን ገንዘቡ ነበር። ለገናና ለፋሲካ የሰው እጅ ይፈታል፣ እግዜር ይስጥልን። በዓሉ ሲያልፍ ግን ዝም ይላል። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበረታ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ ማለት ነው፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሂሳባችን ባዶ ይሆናል። በር ላይ ቆመህ ሰውን "ቦታ የለም" ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል።

እህታችን በሙያዋ አካውንታንት ናት። ተቀጥራ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አላት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭና ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የትንንሽ ማኅበራትን የገቢ ማሰባሰብ ሥራ ታደራጃለች። ስንጠራት ትልቅ ዝግጅት ታቅድልናለች ብለን ነበር። እሷ የጠየቀችን የድሮ ደረሰኞቻችንን ቀሪ ነው። ጥራዞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ማን አንዴ ሰጥቶ እንደጠፋ፣ ማን በየዓመቱ እንደሚሰጥ፣ ማን ምስጋና እንዳልደረሰው አንድ በአንድ እያየች መዝገብ ላይ አወጣችው። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

"ጋሼ፣ ከአስታማሚዎች ማረፊያ ነው የምደውልልዎ። ገንዘብ ልጠይቅዎ አይደለም። ባለፈው የሰጡን ብር ምን ላይ እንደዋለ ልንገርዎ ብዬ ነው።"

አባይ ማዶ ሱቅ ያላቸው አባት ናቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ ሰጥቼ እንዲህ ብሎ የደወለልኝ የለም እኮ" አሏት። አሁን ወር በወር ይልካሉ፣ ጎረቤታቸውንም አምጥተውልናል።

ቀጥሎ ወጪያችንን በሰው አካፍላ የአንድ አስታማሚን አዳርና የቀን ምግብ 200 ብር ላይ አስቀመጠችው። ጽሑፏም አጭር ናት፦ "200 ብር አንድ አስታማሚ ያሳድራል፣ ያበላል።" ሰው "እርዱን" ብቻ ሲባል ስንት እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል፤ 50 ብር ሰጥቶ ያፍራል፣ ሺህ ብር ለመስጠት ደግሞ አቅሙ አይፈቅድለትም። ይሄን ካወጣን በኋላ የአንድ ቀን የሚችል የአንድ ቀን፣ የሳምንት የሚችል የሳምንት እያለ መስጠት ጀመረ። እድር ወር በወር የሚከፍል ሕዝብ ነን፣ ለዚህ አዲስ አይደለንም። ደመወዝ በሚወጣበት ሰሞን አጭር መልእክት ትልካለች፤ የሚመቸው በቴሌብር፣ የማይመቸው ባንኩ በየወሩ በራሱ እንዲያስተላልፍለት ትዕዛዝ ሰጥቶ።

ገቢ ለማሰባሰብ ሆቴል ውስጥ ስለምናዘጋጀው እራትም ልንገራችሁ፣ ብዙ ማኅበር የሚለፋበት ስለሆነ። የአዳራሹን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የባነሩንና የምግቡን ወጪ ደምራ፣ ከጎኑ ደግሞ ሁለት ዓምድ ሠራች፦ ቃል የተገባ እና ገቢ የሆነ። ማይክ ተይዞ የተጨበጨበለት ብርና ባንክ የገባው ብር ለየቅል ነው። እራቱን ተውነው። ቃል የገቡትን ደግሞ በትሕትና እየደወለች፣ ባንዴ ከከበዳቸው በየወሩ እየከፋፈሉ እንዲሰጡ አደረገች።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀን ጥያቄ አለ፦ "ከዚህ ውስጥ ስንቱ ለደመወዝ ነው?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እንደ እንጀራና ፍራሽ ያለ በቀጥታ ለዓላማው የሚወጣው ግን የአስተዳደር ወጪ አይባልም። እሷ ይሄንን ለይታ በየወሩ በቴሌግራም ታወጣዋለች፦ የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የግዢ ደረሰኙ ፎቶ። የታማሚም የአስታማሚም ፊት ግን አታወጣም። "ሲቸገር የተነሳ ፎቶ ሰውን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል" ነው የምትለው። እኔ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ፤ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶ እየለጠፉ ብር መሰብሰብ ይብቃን።

እርዳታ ለመጠየቅ የንግድ ድርጅቶች ጋ ስትሄድ ደግሞ ሕጉን ይዛ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋይ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠው ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይያዝለታል። ለዚህ ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ስለዚህ የእኛን ደረሰኝ አሠራር መጀመሪያ አስተካክላ ነው ወደ ድርጅቶቹ የሄደችው፤ ይሄን የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ ስንት እንደሆነ ብታዩ ይገርማችኋል። ውጭ ላሉ ዘመዶቻችንም መላ አላት። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ የባንክ ሂሳብ ስለማይከፍል፣ ብሩ በግለሰብ እጅ ከሚዞር በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሂሳብ በባንክ እንዲልኩ አስደርጋለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር፣ እንደ ድሮው ግን ሰው አልመለስንም። ከደራ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት ሲሄዱ እጇን ይዘው መርቀዋታል። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ እላለሁ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልሽ፣ ክፉ አይንካሽ።

ክፍያዋ የተወሰነ ነው፣ ሥራው ሳይጀመር ትነግራችኋለች። ከተሰበሰበው ፐርሰንት አትወስድም፣ ብትለምኗትም እምቢ ትላለች፤ ለተቸገረ የተሰጠ ብር ላይ ድርሻ ሊኖረኝ አይገባም ባይ ናት። ቶሎ ውጤት የምትፈልጉ ከሆነ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ወረቀት ማገላበጥና ስልክ መደወል ብቻ ነው የምታዩት። ታገሷት።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልጽፍም፣ እንዲህ እንዲሆን የፈለገችው ራሷ ናት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ የምዝገባ ፈቃዳችሁን፣ የባንክ ስቴትመንታችሁንና የደረሰኝ ቀሪዎቻችሁን ያዙ። ሰኔ ላይ በመሥሪያ ቤቷ የሒሳብ መዝጊያ ስለሚሆን አትገኝም፤ ከዚያ በፊት ቀጠሮ ያዙ።