ሞተር ውስጥ የወደቀ ብሎን ለማውጣት የቱን ልግዛ? ማግኔት፣ ጥፍር ወይስ ካሜራ

ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትታችሁ ስትሠሩ አንዲት ዳዶ (ብሎን ላይ የምትጠበቅ) ከእጃችሁ አምልጣ ቀዳዳው ውስጥ ገባች እንበል። መጀመሪያ መሣሪያ ፍለጋ አትሩጡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሰው ሳያውቅ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) አንዴ ካዞረው ፒስተኑ ዳዶዋን ይዞ ይወጣና ከቫልቭ ጋር ያላትማታል። ያኔ ነገሩ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከ ማውረድ ይደርሳል።

ባትሪው ከተፈታ የሚያስቸኩል ነገር የለም። አሁን ስለ መሣሪያው እናውራ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ማሸጊያው ላይ ትልቅ ኪሎ የተጻፈበትን ማግኔት ነው። በእኔ እምነት ግን ከጉልበት በፊት የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የወደቀው ዕቃ ከምን ተሠራ? የትስ ገባ?

ማግኔት

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚመዘዝ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ሌላው በስፕሪንግ የተሠራና የሚተጣጠፍ ነው። ቀጥ ያለው ከላይ ለሚታይ፣ ኮፈኑ ሥር ለተሸጎጠ ብሎን ጥሩ ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ በአንድ እጅ ትሠሩበታላችሁ። ወደ ሞተሩ ውስጥ ሲዘለቅ ግን ቀጥ ያለ መንገድ ብዙም አይገኝም። ስለዚህ እኔ ተጣጣፊውን እመርጣለሁ። ሲያጣጥፉት ቅርጹን ይዞ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይመቻል።

ስለ ኪሎው ብዙ አትጨነቁ። የሚጻፈው ቁጥር ማግኔቱ ወፍራምና ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ ሲለጠፍ የሚችለው ነው። የ6 ሚሊሜትር አጭር ብሎን ግን 10 ግራም እንኳ አይሞላም። የሚያስቸግረው የጫፉ ጎን ነው። ሽፋን የሌለው ማግኔት በጎኑም ይስባል። ፒስተኑ የሚመላለስበት ግድግዳ ደግሞ፣ ሞተሩ አሉሚኒየም ቢሆን እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካስት አይረን ነው። ማግኔቱ ብሎኑ ጋ ሳይደርስ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስታላቅቁት ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። እንዲህ እያለ ያደክማችኋል።

ስለዚህ ጎኑ የተሸፈነና በፊቱ ብቻ የሚስብ ፈልጉ። መሞከሩ ቀላል ነው። የጫፉን ጎን አንድ የብረት ቁልፍ ላይ አስጠጉት። አጥብቆ ከያዘ ይቅርባችሁ። ማግኔቱንም በጣታችሁ ይዛችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ በሙጫ ብቻ የተያዘ ከሆነ እሱም ሞተሩ ውስጥ ተነቅሎ ሊቀር ይችላል።

ማግኔት የማይረዳችሁ ጊዜም አለ። የአሉሚኒየም፣ የነሐስ፣ የመዳብና የፕላስቲክ ዕቃ አይነሳለትም። የናፍጣ ኢንጀክተር ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያላት ጠፍጣፋ ቀለበት) ዋና ምሳሌ ናት። ብዙው የስቴይንለስ ብሎንም ቢሆን ማግኔት እምብዛም አይስበውም። በእጃችሁ የቀረ ተመሳሳይ ብሎን ካለ በእሱ ሞክሩ፤ መልሱን ወዲያው ታገኛላችሁ። ሌላው ጠላቱ ሙቀት ነው። ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔት (ጠንካራው የማግኔት ዓይነት) ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ።

ባለ ጥፍር ስፕሪንግ

ከኋላ ስትጫኑት ከፊት 4 ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው ይከፈታሉ፤ ስትለቁት ይዘጋሉ። ትልቁ ጥቅሙ ዕቃው ከምን እንደተሠራ አለመምረጡ ነው። ማግኔት ያልሳበውን መዳብና ፕላስቲክ ይዞ ይወጣል።

አጠቃቀሙ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ጥፍሩ ሲዘጋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ዕቃው ላይ በትክክል አነጣጥራችሁ ብትለቁት እንኳ ባዶውን ይመለሳል። መላው ቀስ እያሉ መልቀቅ፣ በዚያው ልክ ስፕሪንጉን ወደ ፊት መግፋት ነው። አንድ ሁለቴ ጠረጴዛ ላይ ከሞከራችሁት እጃችሁ ይለምደዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ሽቦዎቹ ሙሉ በሙሉ አይከፈቱም። ጠፍጣፋ ተኝታ የቀረች ሮንዴላም ለመያዝ አስቸጋሪ ናት። ስትገዙ ሽቦዎቹ እኩል መከፈታቸውንና ሥራቸው ላይ አለመላላታቸውን እዩ። አንዷ ውስጥ ተሰብራ ከቀረች የምትፈልጉት ዕቃ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ኢንዶስኮፕ ካሜራ

ይህ በቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ካሜራ ነው። በራሱ ብዙ አያወጣም፤ ያሳያል። ይህ ግን ቀላል ጥቅም አይደለም። ዳዶዋ ፒስተኑ ላይ ትሁን ቫልቭ ሥር ሳታዩ በጭፍን መጎርጎር ወደባሰ ቦታ ሊገፋት ይችላል።

እዚህ ወሳኙ ውፍረት ነው። የተለመደው የ14 ሚሊሜትር ካንዴላ ሲፈታ የሚቀረው ቀዳዳ ከጥርሱ መለስ 12 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 5.5 ሚሊሜትር ካሜራ ስታስገቡ ጎኑ ላይ ቀጭን ማግኔት የሚያልፍበት ቦታ ይተርፋል። 8 ሚሊሜትር ካሜራ ስታስገቡ የሚተርፈው 4 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስሉ የጠራ ነው ተብሎ ወፍራሙን ከመግዛት ቀጭኑን መግዛት ይሻላል። ካንዴላው 12 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነ መኪና ያለው ሰውማ ምርጫ የለውም።

ገመዱ ደረቅ ያለና የያዘውን ቅርጽ የማይለቅ ይሁን፤ ልፍስፍሱ የሚሄደው ወደ ፈለገው ነው። የመብራቱን ድምቀት መቀነስ መቻል አለባችሁ፤ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ምስሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ገመዱን ስልክ ላይ የሚሰኩት ከሆነ ስልካችሁ እንደሚቀበለው ቀድማችሁ አረጋግጡ። በዋይፋይ የሚሠራው ምስሉ ትንሽ ስለሚዘገይ እያዩ ለማንሳት አይመችም። ጫፉን ማዞር የሚቻልበት ካሜራ ቫልቭ ለማየት ግሩም ነው፣ ግን ዋጋው በጣም ይበልጣል፤ ጋራዥ ለሌለው ሰው አልመክርም። አብረውት የሚመጡትን ትንንሽ መንጠቆና ማግኔት አትመኑባቸው። ብዙዎቹ ተሸጉጠው ብቻ ስለሚገቡ ውስጥ ይወልቃሉ።

የአየር መሳቢያ

ቀጭን ቱቦ የተገጠመለት ቫኪዩም ለፕላስቲክ ስባሪ፣ ለአሉሚኒየም ፍቅፋቂና ለቀላል ሮንዴላ ይሆናል። ለብሎን ግን አይተማመኑበትም። ቤንዚን የሸተተበት ቦታ ፈጽሞ አታስነሱት፤ የቫኪዩሙ ሞተር ብልጭታ ትነቱን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

እኔ የምገዛው

አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ጎኑ የተሸፈነ ተጣጣፊ ማግኔት ይግዛ፤ ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ከሆነ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ሁለተኛው 5.5 ሚሊሜትር ባለ ገመድ ካሜራ ይሁን። ጥፍሩ ሦስተኛ ነው፣ ናፍጣ መኪና ለሚሠራ ግን ሁለተኛ ላደርገው እችላለሁ። ሦስቱንም አንድ ላይ አዋህዶ የሚሸጠውን አልወደውም፤ ይወፍራል፣ አንዱንም በደንብ አይሠራም።

ብሎኑ በዘይት መመለሻው በኩል ወርዶ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ከገባ ዘይቱን አፍስሳችሁ በማፍሰሻው ቀዳዳ ተጣጣፊውን ማግኔት ሞክሩ። የካቴናው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ሰንሰለት) ክዳን ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ይለያል። በካሜራ ፈልጉት፤ ካላያችሁት ወይም አንዴ አይታችሁት ከጠፋባችሁ ክዳኑን ፍቱ። ካቴናው አንድ ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ሊላተሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ብሎኑ በእጃችሁ ሳይገባ ሞተሩን በእጅም ቢሆን አታዙሩት።