ለታመመ ጎልድፊሽ ምን ይገዛል? ስትሪፕ፣ ጠብታ፣ ጨው ወይስ ሰማያዊው መድኃኒት

ጅማ ውስጥ ጎልድፊሽ የሚያሳድግ ሰው ብዙ አይደለም። ያለነውም ብንሆን ዕቃ የምናስመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሚመጣ ሰው ይፈለጋል፣ ብር ይላካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ይደርሳል። እስኪደርስ ዓሣው ወይ ይድናል ወይ በጀርባው ይንሳፈፋል። ስለዚህ እዚህ ተሳስቶ መግዛት ዋጋው እጥፍ ነው።

እኔ ተሳስቼ ገዝቻለሁ። ሁለት ጎልድፊሽ ነበሩኝ፣ በ60 ሊትር አኳሪየም (ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ፣ ያኔ አላውቅም ነበር)። አንደኛው ስንጥቡን በሚሸፍነው ክዳን ላይ፣ ማለትም ሲተነፍስ ከፈት ዘጋ በሚለው ጉንጩ ላይ፣ እንደ ስኳር ቅንጣት ነጭ ነጭ ነገር አወጣ። ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። «ወንድሜ፣ ነጭ ነጥብ ነው፣ ሰማያዊውን ውሰድ» አለኝ። ወሰድኩ። ጨመርኩ። ውሃው የእስክሪብቶ ቀለም መሰለ፣ የአኳሪየሙ ጥግ ላይ ያለው ሲሊኮን እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ዓሦች ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። ነጩ ነጥብ ግን ንቅንቅ አላለም።

ለካ በሽታ አልነበረም! ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ ጉንጩ ክዳን ላይና የፊት ክንፉ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ የሚወጣ ነጭ ነጠብጣብ አለ። የጎረምሳ ብጉር በሉት። በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሰማያዊውን፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን፣ ጨምሬ ፊልተሩ ውስጥ የነበሩትን፣ የዓሣውን ቆሻሻ መርዝ የሚያከሽፉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጎዳኋቸው፣ ውሃው ተመረዘ፣ ጤነኛውን ዓሣ በገዛ ብሬ አሳመምኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ምን ልግዛ?» ሲለኝ መድኃኒት መጨረሻ ላይ ነው የማነሳው።

መጀመሪያ በነፃ የሚታየው

አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙ። ሁሉም ዓሣ በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ውሃውን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ታሞ ሌሎቹ እየዋኙ እየበሉ ከሆነ ዓሣውን ጠርጥሩ። ሁሌ ባይሠራም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

እውነተኛው ነጭ ነጥብ፣ ኢክ የሚሉት፣ ቦታ አይመርጥም። ጅራት ላይም ጎን ላይም ጨው እንደተነሰነሰበት ሆኖ ይታያል፣ ዓሣውም ጎኑን ከጠጠሩ ጋር ያሻሻል። ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ተነስቶ ሆዱ ያበጠ ዓሣ ደግሞ ከውስጥ የተጎዳ ነው። እንዲህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም፣ ውድ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ። በጎኑ ወይም በጀርባው የሚንሳፈፈውን፣ በተለይ ሆዱ ክብ የሆነውን ዓይነት፣ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ከልክሉትና የተቀቀለና የተላጠ አተር በጥቂቱ ስጡት። አተር ደግሞ ጅማ ገበያ ሞልቷል። ጥቁር ጥቁር ነገር ሲወጣበት ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ግን ብዙ ጊዜ አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ያቃጠለው ቆዳ እየዳነ ነው ማለት ነው። በሽታው ካለፈ በኋላ ነው የምታዩት።

ስትሪፕ ወይስ ጠብታ?

ገንዘባችሁ እውነት ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም የውሃ መመርመሪያ ናቸው። ስትሪፕ ቀጭን ወረቀት ናት። ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ታወጣላችሁ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ትጠብቃላችሁ፣ ቀለሙን ከጣሳው ጋር ታስተያያላችሁ። ቀላል ነው፣ ልጅም ይሠራዋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ችግሩ አብዛኞቹ ስትሪፖች አሞኒያ የላቸውም። ፒኤች (የውሃው አሲድነት) አለ፣ ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን የሚለውጡት ናይትራይት አለ፣ ከዚያ የሚመጣው ናይትሬት አለ፣ የውሃ ጥንካሬም (የማዕድኑ መጠን) አለ፣ ጎልድፊሽን ቀድሞ የሚገድለው ግን የለም። ጣሳውን አገላብጣችሁ «አሞኒያ» የሚል እስካላያችሁ ድረስ እንዳለው አትቁጠሩ። ሁለተኛው ችግር የጅማ ነው፦ ክረምት ላይ ክዳኑን ክፍት ከረሳችሁት ወረቀቶቹ እርጥበት ይስቡና የቀሩት በሙሉ ይበላሻሉ። የኔ አንድ ጣሳ በሐምሌ እንዲህ ሆኖ ነው የተጣለው።

ጠብታው በብልቃጥ የሚሠራ ነው። እኔ ጋ ያለው ኤፒአይ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው። ለአሞኒያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ከመጀመሪያው ጠርሙስ 8 ጠብታ፣ ከሁለተኛው 8 ጠብታ፣ ከዚያ መነቅነቅ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ መጠበቅ። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ዜሮ ነው። አረንጓዴ ከሆነ፣ አረንጓዴነቱ በጨመረ ቁጥር፣ ውሃ ለመቀየር ባልዲውን አንሱ። ማታ በቢጫ አምፖል አታንብቡት፣ ሁሉም ነገር ቢጫ ይመስላል፤ ጠዋት መስኮት ጋ ነው። የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ ደግሞ ቢያንስ 30 ሰከንድ በደንብ ካልነቀነቃችሁት ውሸት ይነግራችኋል። ይሄን ሳላውቅ ወራት «ናይትሬቴ ዜሮ ነው» እያልኩ ስኩራራ ነበር።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች። አዲስ አኳሪየም ላይ ይሄን ለማግኘት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ምክንያቱም ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ነው። «ገዝቼው በሳምንቱ ታመመ» የሚባለው አብዛኛው ታሪክ ይሄው ነው፣ ዓሣው በሽታ ይዞ አልመጣም።

ዋጋው? ጠብታው ሙሉ ኪት ሲሆን ከስትሪፕ በብዙ ይበልጣል፣ ግን በመቶዎች ለሚቆጠር ምርመራ ይበቃል፣ አንድ ዓሣ ያለው ሰው ዓመት ሙሉ አይጨርሰውም። አቅም ከሌለ ሙሉውን ኪት ትታችሁ የአሞኒያውን ብቻ ለይታችሁ ግዙ፣ ለብቻውም ይሸጣል። ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን በፎቶ አስልኩ፣ ሻጩ ቢያኮርፍም።

ስትሪፕ ለማን ይሆናል? ዝናብ ውሃ ለሚያጠራቅም ሰው። ክረምት ላይ ቧንቧው ሲደፈርስ ብዙዎቻችን ከጣሪያ የወረደውን እንጠቀማለን። የዝናብ ውሃ ማዕድን ስለሌለው ፒኤቹ ድንገት ይወርዳል፣ ዓሣው ትናንት ደህና ነበር ዛሬ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የስትሪፑ የጥንካሬና የፒኤች ሳጥኖች ጥሩ ያሳያሉ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን አለው። በረኪና በረኪና ከሸተታችሁ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አሳድሩት። ሮቶ ውስጥ ተዘግቶ የቆየውን «አድሯል» ብላችሁ አትመኑት፣ በደንብ የሚወጣው አየር ሲያገኝ ነው።

ጨው፣ ሰማያዊው፣ ካፕሱሉ

ከሦስቱ ጨው ያሸንፋል፣ ብዙም አያከራክርም። ቅመም ያልገባበት ተራ ጨው ነው፤ አዮዲን ያለበት ቢሆንም መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አትጨነቁ። በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም። የኔ 60 ሊትር በከፍተኛው 180 ግራም ይወስዳል፣ በአንዴ ግን አይደለም፤ 60 ግራም 60 ግራም አድርጋችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ መጀመሪያ በውሃ አሟሙታችሁ። በዓይን አትገምቱ፣ ሱቅ ላይ አስመዝኑ። ናይትራይት ከፍ ብሎ ዓሣው አየር ሲያጥረው ጨው ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ያግዳል፣ ኢክንም ይዋጋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ጨው አይተንም። ውሃው ተኖ ሲጎድል ውሃ ብቻ ጨምሩ፣ 20 ሊትር ቀድታችሁ ከቀየራችሁ ግን የ20 ሊትሩን ጨው ብቻ መልሱ። ተክል ካላችሁ ይሞታል፣ ዓሣውን ወደ ባልዲ አውጡት።

ሰማያዊው መድኃኒት መጥፎ አይደለም፣ ቦታው ሌላ ነው። እንቁላል ላይ ለሚወጣ ሻጋታ፣ ዓሣው ላይ ጥጥ ለሚመስል ነገር፣ በተለየ ባልዲ ውስጥ፣ ያለ ፊልተር። ፋርማሲ ገብታችሁ «ሰማያዊ» ብትሉ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) ሊሰጧችሁ ይችላሉ፣ አንድ አይደሉም፣ አትቀበሉ። ለኢክ ከሆነ ማላካይት ግሪን ያለበት የተሻለ ነው፣ እሱም ቢሆን የሚገድለው ጥገኛው ከዓሣው ወርዶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው ብር መጣል ነው። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ዑደቱን ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ሳምንታት ይወስዳል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችንን ታውቁታላችሁ፣ ያን ጊዜ ሕክምናውን አስረዝሙ። ለዚህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፣ ርካሽ ነው። ማሞቂያ ግን አትግዙ፣ ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል።

ካፕሱሉን፣ ያንን ቴትራሳይክሊን የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒት፣ ተዉት። ሰው ከፍቶ ይበትነዋል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ አረፋ ይሠራል። ኢክ ባክቴሪያ ስላልሆነ አይነካውም። ውሃችሁ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ዓሣው ጋ አይደርስም። ፊልተሩን ግን ሊያበላሽ ይችላል። እናቴ ካፕሱል ስበትን አይታ «ለሰው የጠፋ መድኃኒት ለዓሣ?» ብላኝ ነበር፣ በሁለቱም በኩል ልክ ነበረች።

ምንም ሳይገኝ ሲቀር

ባለፈው ዓመት አንዱ ዓሣዬ መታሸት ጀመረ። ነጥብ የለም። አሞኒያ 0፣ ናይትራይት 0። ጨው ሰጠሁት፣ ትንሽ ቀለል ብሎት ተመለሰበት። ቀድሞ ቢሆን ሦስት ዓይነት ጠርሙስ አዝዤ ነበር። አሁን ግን የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛዬን ለመንኩት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስላለ እንዲህ ዓይነት ሰው እዚህ አይጠፋም። ዓሣውን በእርጥብ እጁ ይዞ በመስታወት ጠርዝ ከጎኑ ላይ ትንሽ ልጋግ ጠረገ፣ ወዲያው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገው። አንድ ጫፉን ተክሎ በሌላው የሚወዛወዝ ትል አየሁ። ፍሉክ ነው አለኝ። ለእሱ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለቢልሃርዚያ ሰው የሚወስደው ያው መድኃኒት። መጠኑን እሱ አሰላልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ገዛሁ፣ ሰማያዊው ጠርሙስ ግማሽ ያህሉ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ።