ለአዌቱ የቱ ይሻላል፦ የግቢ ሴፕቲክ ታንክ ወይስ የሰፈር ማጣሪያ ኩሬ?

ጅማ ላይ አዌቱ ወንዝ የገባ ፍሳሽ ቦዬ ረግረግን ይዞ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል። ሴፕቲክ ታንክ ማለት የአንድ ግቢ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የመሬት ውስጥ ጋን ነው፤ ማጣሪያ ኩሬ ደግሞ የሰፈሩ ፍሳሽ በቱቦ መጥቶ የሚተኛበትና የሚጠራበት ኩሬ ነው።

ወጪ፦ ታንክ ለአንድ ግቢ ይቀላል። ኩሬ ቱቦና ሰፊ መሬት ይፈልጋል፤ ወጪው ግን ለሰፈሩ ይከፋፈላል።

ጣጣ፦ ታንኩ ሲሞላ መምጠጫ መኪና መጥራት ነው፤ ያውም ቅያሱ ካስገባው። ኩሬ መብራት እንኳ አይፈልግም።

ለወንዙ፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። ታንክ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ውሃውን አያጠራም፤ ያ ከታንኩ የሚወጣው ውሃ የሚሰርግበት አፈር ሥራ ነው። የጅማ ክረምት ደግሞ ይታወቃል! አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ፍሳሹ ቦይ ለቦይ ይሄዳል። ኩሬው ውስጥ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ሕይወት) ኦክስጅን ይሰጣል፣ ባክቴሪያ ቆሻሻውን ይበላል፣ ፀሐይ ብዙውን ጀርም ትገድላለች። ለዚህ ግን ውሃው ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት መተኛት አለበት።

ሰፊ ግቢና ውሃ የሚመጥ አፈር ላለው ታንክ ይበቃል። ወንዝ ዳር ለተጠጋጋ ሰፈር ግን እኔ ኩሬውን እመርጣለሁ፤ ሽታ ስላለው ከቤት ራቅ ይበል።