ድሬ 28፣ ሐረር 28፦ የጎማ ንፋስ መለኪያዬ ከወራት በኋላ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ መለኪያዬን አይቶ «ይሄ ሞቷል፣ ጣለው» አለኝ። ማለዳ ድሬዳዋ ላይ የሞተር ሳይክሌን የኋላ ጎማ ለካን። 28 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) አለ። ሐረር ወጥተን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ደግመን ለካን። አሁንም 28። «ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተህ፣ ብርድ ውስጥ አድረህ፣ መርፌዋ ንቅንቅ አትልም? ተጣብቃለች አቦ!» አለ። አናደደኝ። ስለዚህ ዛሬ ለመለኪያዬ ጥብቅና ልቆም ነው።

ዕቃዋ ባለመርፌ ናት። ክብ ፊት፣ ዙሪያዋን ላስቲክ፣ አጭር ቱቦ፣ ጎኗ ላይ ንፋስ የምታስተነፍስ ቁልፍ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነው የገዛኋት። ባለሱቁ ዲጂታሉን ሊያሸክመኝ ብዙ ታግሏል። «ዘመናዊ ነው» ይበለኛ! የድሬ ፀሐይ ላይ በቆመ ሞተር ሳጥን ውስጥ ስክሪኑ ሲጠቁር እሱ መጥቶ ሊያነብልኝ ነው? የኔዋ ባትሪም አትጠይቅ፣ ሙቀትም አትፈራ።

አሁን ወደ ክሱ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። እንዲህ ያለ መለኪያ የሚነግረን ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በመሃል ያለውን የደንገጎን ዳገት አልፈን ሐረር ስንደርስ የውጭው አየር ግፊት በ1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጎማው ሳይነካ ንባቡ በ1 ከፍ ማለት አለበት። ግን የሐረር ጠዋት ከድሬ ጠዋት ይቀዘቅዛል። እንደኔ ባለ ጎማ የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ከ1 ፒኤስአይ ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። ከፍታው የጨመረውን ብርዱ ወሰደው። መርፌዋ እዚያው ቆመች። ሞታ አይደለም፣ እውነቱን ተናግራ ነው!

ሕያው ለመሆኗ ደግሞ ምስክር አለኝ። ከሐረር ወርጄ ድሬ እንደገባሁ፣ ጎማው እንደጋለ ስለካው ያው ጎማ 31፣ 32 ይላል። ይህን አይቶ ንፋስ የሚያስተነፍስ ሰው አለ። አታድርጉት። የመመሪያው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። በግለቱ ያስተነፈሳችሁት ጎማ በነጋታው ጎድሎ ይጠብቃችኋል። ድሬ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ጎማ የሚገኘው በማለዳ ብቻ ነው፤ ረፋድ ላይ የቆመ ሞተር እንኳ ፀሐይ በላው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ የሞተር ውድድር ቪዲዮ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው። «አጎቴ፣ ቀንሰው፣ መንገዱን ይይዝልሃል» ይለኛል። እውነት አለው፣ ግን የሌላ አገር እውነት ነው። እነሱ ትልልቅ ሞተር ይዘው የውድድር ሜዳ ገብተው በፍጥነት ይዞራሉ። ጎማው በጣም ይግላል፣ ግፊቱ ያሻቅባል። ስለዚህ የፊቱን ጎማ መንገድ ላይ ከሚነዱበት 36 ወደ 30 አካባቢ አውርደው ይጀምራሉ። ከሜዳው እንደወጡም ሳይበርድ ይለካሉ፤ ለእነሱ ዋናው የጋለው ቁጥር ነው። የኔዋ ባለ 150 ሲሲ ናት፣ ጎማዋም ባለ ከመነዳሪ። መመሪያዋ ፊት 25፣ ኋላ ብቻዬን ስሆን 28፣ ሰው ስጭን 32 ይላል። ይህን ወደ 20 አውርጄ የደንገጎን ጠመዝማዛ ልውረድበት? ከመነዳሪው ጎማው ውስጥ ተንሸራቶ ቫልቩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ጉድጓድ ሲመጣ ቸርኬው ይጣመማል። ከኋላዬ ደግሞ የአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነው። አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።

«ጎሚስታ እያለ ለምን ገንዘብ ታወጣለህ?» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አንዱ ጋ 28 የተባለው ጎማ ሌላው ጋ 34 ሲባል አይቻለሁ። የትኛው እንደዋሸ አላውቅም። የኔዋ ብትሳሳት እንኳ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የምትሳሳተው፤ ለእኔ ይበቃኛል። አሁን ጎሚስታው አትረፍርፎ ይሞላልኛል። እኔ በማግስቱ ማለዳ በቁልፏ ቲስ፣ ቲስ እያደረግሁ ወደ ቁጥሬ አወርደዋለሁ። ይህች ቁልፍ ብቻዋን ዋጋዋን ታወጣለች።

ጉድ ያደረገኝ ጫፏ ነው። ቀጥ ያለ ነው። የፊቱ ቫልቭ ላይ በቀላሉ ይገባል። ከኋላ ግን ቸርኬውና የሰንሰለቱ ጥርስ አያስጠጉትም። ጎማውን እያሽከረከርኩ፣ እጄን በግራሶ እየለወስኩ ነው የማስገባው። እስክይዘው ድረስ የሚያመልጠው ንፋስ ራሱ ያናድዳል። ብትገዙ ጫፉ የታጠፈውን ጠይቁ። ባለሱቁ «ያው አንድ ነው» ይላችኋል። አንድ አይደለም።